«ብቻህን አምስት ሰው ትጥላለህ» ተብዬ 7,500 ብር ከፈልኩ

ድሬዎች፣ «በ3 ወር ብቻህን አምስት ሰው መጣል» የሚል የልዩ የማርሻል አርት ሥልጠና ማስታወቂያ ካያችሁ ብራችሁን ኪሳችሁ ውስጥ አቆዩት። እኔ አላቆየሁም።

ሱቄን የምዘጋው ማታ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ከጥቂት ወራት በፊት ወደ ቤት ስገባ ሦስት ልጆች ከበው ስልኬን ወሰዱብኝ። ንዴቱ ነው እዚያ ቤት ያስገባኝ። ስሙን አልጠራም፤ ጠብ አልፈልግም።

ክፍያው ሙሉ በሙሉ በቅድሚያ ነው። ሥልጠናው 6,000፣ ልብሱ 1,500። ልብሱን ከእነሱ ካልገዛህ አይሆንም። ደረሰኝ ስጠይቅ «ቤተሰብ ነን እኮ!» ተባልኩ። አሠልጣኙን ደግሞ «እርስዎ» እንድንል ታዘዝን። ድሬ ላይ፣ አቦ! ያኔ መንቃት ነበረብኝ።

ሲያዩት ያምራል። አምስት ልጆች ይከቡሃል። አንዱ ቡጢ ይሰነዝራል፣ ትመክታለህ፣ በእርግጫ ትለዋለህ፣ ይወድቃል። ወድቆም እዚያው ይቀራል። ከዚያ ሁለተኛው ይመጣል። የቀሩት የዳቦ ሰልፍ እንደያዘ ሰው ተራቸውን ይጠብቃሉ። በሁለተኛው ወር ማታ ማታ ደረቴን ነፍቼ መሄድ ጀመርኩ።

ያነቃኝ የአጎቴ ልጅ ነው። «እስቲ እንሞክረው» አለኝ። እሁድ ጠዋት ደቻቱ ወንዝ አሸዋው ላይ ወረድን። ሦስት የሰፈር ልጆች እጃቸውን ጠመኔ ተቀቡ፣ እኔ ጥቁር ቲሸርት ለበስኩ። ደንቡ አንድ ብቻ ነው፤ ተራ የለም። የመጀመሪያውን ጥሩ አድርጌ መከትኩት። እሱን ሳይ ሌላው ከኋላ ወገቤን ጠምጥሞ ያዘኝ። ለእርግጫ አንድ እግሬን ሳነሳ አሸዋው ከዳኝ። አስር ሰከንድ የሞላ አይመስለኝም። ጀርባዬ ወፍጮ ቤት የዋለ ሰው መስሏል። ልጆቹ እኮ ከመቃም ሌላ ስፖርት አያውቁም!

ከዚያ ሌላ ሰፈር ለዓመታት ቴኳንዶ ያስተማረ ሰው ጋ ሄድኩ። ሳቀብኝ። የኦሎምፒኩ ቴኳንዶ አንድ ለአንድ ነው አለኝ፤ 3 ዙር፣ እያንዳንዱ 2 ደቂቃ፣ ዳኛ አለ፣ ፊት ላይ ቡጢ ክልክል ነው። በኪዮኩሺን ካራቴ 100 ሰው የመግጠም ዝነኛ ፈተና አለ። እሱም ቢሆን አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል እንጂ መቶው ባንዴ አይመጣም። ትግል የሚችልም ቢሆን አንዱን መሬት ላይ ጠፍሮ ሲይዝ የሌላኛው ጫማ ጭንቅላቱ ላይ ነው።

«ብዙ ሆነው ሲመጡ ምን ታስተምራለህ?» አልኩት። መሃል አትግባ፣ ወደ ጎን እየወጣህ አንዱን ለሌላው ጋሬጣ አድርገው፣ አትውደቅ፣ ክፍተት ስታገኝ ሩጥ። ስልክ ከሆነ የፈለጉት ስጣቸው። በቃ። ለመሮጡም ትንፋሽ ያስፈልጋል፣ ላለመውደቁም ሚዛን፤ ስፖርቱ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። እኔን ግን የሸጡልኝ ድፍረት ነው። ስልኬን የወሰዱብኝን ሦስት ልጆች ዳግም ባገኛቸው ኖሮ አልሮጥም ነበር። ቢላ የያዘ ቢኖርስ? ይህን ሳስብ ከብሩ በላይ ያመኛል።

የቀረውን የአንድ ወር ክፍያ መልሱልኝ ስል «አንተ ነህ ያልገባህ» አሉኝ። እንዲያውም 2,000 ብር ብጨምር በወሩ መጨረሻ ጥቁር ቀበቶ እንደሚሰጡኝ ነገሩኝ። ደህና ቦታ ዓመታት የሚፈጅ ነገር ነው! በአዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው አገልግሎት ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው። ግን በምን ላስረዳ? ደረሰኝ የለኝ።

እናንተ ግን ሳትከፍሉ አንድ ቀን ቁጭ ብላችሁ እዩ። «ሁለቱ ባንዴ፣ ሳይነጋገሩ ይምጡብኝ» በሏቸው። እምቢ ካሉ ውጡ። ከተስማማችሁም በየወሩ ክፈሉ፣ ደረሰኝ ያዙ።

ልብሱን በ500 ብር የሚወስድልኝ ካለ በውስጥ መስመር ያናግረኝ። ጀርባው ላይ ያለው የማሠልጠኛው ስም ግን ታጥቦም አልለቀቀም።