ኮንትሪቢውተር ኮቨናንት፦ ደንቡ ነፃ ነው፣ ባዶ ቦታውን የሚሞላው ማን ነው?

ዛሬ የምገመግመው ስልክ ወይም አፕ አይደለም፣ ደንብ ነው። ጊትሃብ (ፕሮግራመሮች ኮድ የሚያስቀምጡበት ድረ ገጽ) ላይ ኦፕን ሶርስ፣ ማለትም ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ፣ ፕሮጀክት ከፍታችሁ የምታውቁ ከሆነ ከኮዱ አጠገብ ስለ ሥነ ምግባር የምታወራ አንዲት ፋይል አይታችኋል፤ አብዛኛው ሰው ሳያነባት ነው የሚያልፋት። ከእነዚህ ደንቦች መሀል በብዛት የተሰራጨው ኮንትሪቢውተር ኮቨናንት ይባላል። ኮራላይን አዳ ኤምኪ የምትባል ፕሮግራመር እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣችው ነው። ክፍያ የለውም፣ ኮፒ አድርጎ ፕሮጀክት ውስጥ መክተት ብቻ ነው።

እኛ ባሕር ዳር ያለን ጥቂት ልጆች በትርፍ ሰዓታችን የአማርኛ ፊደል ግድፈት የምታርም ትንሽ ሶፍትዌር እንሠራለን፤ ከደብረ ማርቆስና ከፍኖተ ሰላምም የሚያግዙን አሉ። ደመወዝ የሚባል ነገር የለም። ሰው የሚቆየው ደስ ስላለው ብቻ ነው፣ ካስከፋችሁት ነገ አታገኙትም። አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ "ሀ"ን፣ "ሐ"ን እና "ኀ"ን እንደ አንድ ቆጥሮ የሚፈልግ ኮድ ላከ፣ የመጀመሪያው ነው። ሪቪው ያደረገው፣ ማለትም ኮዱን የመረመረው ልጅ፣ ጎበዝነቱ አይካድም፣ "ይሄን ማን ነው ያስተማረህ?" ብሎ ጻፈለትና ከሥሩ የሳቅ ኢሞጂ ደረደረ። ሌሎቹም ተቀባበሉት። ተማሪው ምንም አልመለሰም፣ ማታ ላይ ከቴሌግራም ግሩፑ ወጣ፣ አበቃ። የኮዱ ችግር እኮ አንድ መስመር ነበር። ደንብ ይኑረን የተባለው ያኔ ነው።

የወሰድነው የኮቨናንቱን እትም 2.1ን ነው። ጽሑፉ አጭር ነው፣ አንድ ቡና ሳያልቅ ይነበባል። ስድብ፣ በሰው ማንነት ላይ መዝመት፣ ወሲባዊ ንግግር፣ በአደባባይም ሆነ በውስጥ መስመር ማዋከብ፣ የሰውን አድራሻ ያለፈቃዱ ማውጣት ክልክል ነው ይላል። ትችት ግን አይከለክልም። እንዲያውም ትችትን በአግባቡ መስጠትና በጸጋ መቀበል ከሚፈለጉት ጠባዮች አንዱ ነው። "ደንብ ከገባ ሁሉም ነገር 'ጎሽ ጎሽ' ሊሆን ነው" እያሉ የሚያጉረመርሙ ይህን ክፍል ቢያነቡት ጥሩ ነው። ጎጃም ቅኔ ቤት ያለፈ ሰው ይገባዋል፦ ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ ለየኔታ ይነግራል፣ የኔታ የተሰበረውን ቃል እዚያው ያቃኑለታል፣ ልጁም በማግስቱ ሌላ ይዞ ይመጣል። ሪቪው ማለት ይኸው ነው፣ ዋናው ልጁ በማግስቱ መምጣቱ ነው።

በጣም የወደድኩት የቅጣቱን ደረጃ ነው። 2.0 ላይ የገባ ነው፣ በፊት በነበረው 1.4 ላይ አልነበረም። መጀመሪያ እርማት፣ ቀጥሎ ማስጠንቀቂያ፣ ከዚያ ጊዜያዊ እገዳ፣ በመጨረሻ ቋሚ እገዳ። ይህ ባይኖር አድሚን የሚያውቀው ሁለት ነገር ነው፤ ወይ ዝም ይላል ወይ ያባርራል። ማስጠንቀቂያው ላይ ደግሞ ደስ የሚል ነገር አለ፦ ያጠፋው ሰው ለተወሰነ ጊዜ የተበደለውን እንዳያናግር ይደረጋል፣ በፌስቡክም በሌላም በኩል ቢሆን። መጀመሪያ ሳነበው ትንሽ ቀዝቃዛ መስሎኝ ነበር። እኛ ጋ ሰው ሲጣላ ሁለቱን ቡና ላይ አስቀምጦ "በሉ ይቅር ተባባሉ" ነው፣ የተበደለውም በይሉኝታ "እሺ" ይላል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ይጠፋል። ያቺ የመራራቂያ ጊዜ ለተበደለው መተንፈሻ ትሰጠዋለች፣ እርቁ በኋላም ይደርሳል።

አሁን ወደ ጉድለቱ። ጽሑፉ ውስጥ አቤቱታ የሚላክበትን አድራሻ እንድትሞሉት በቅንፍ የተተወ ባዶ ቦታ አለ። አንድ የማውቀው ፕሮጀክት፣ ስሙ ይቅር፣ ደንቡን ለጥፎ "እዚህ አድራሻ አስገቡ" የሚለውን እንዳለ ትቶታል። ለማን ነው አቤት የሚባለው? ለቅንፉ? ደንቡ እንግዲህ ይህን ሊሠራላችሁ አይችልም፣ ሰው ይፈልጋል። እኛ ሁለት ሰው መረጥን፣ አንዷ ሴት ናት፣ ሁለቱም ኮድ የማጽደቅ ሥልጣን የላቸውም። ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ኃይለ ቃል የሚናገረው ኮድ የሚያጸድቀው ራሱ ነው፤ ከሳሹ ለተከሳሹ ኢሜይል ሊጽፍ ነው እንዴ?

ይህ የእኛ ሰፈር ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ረስት የተባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ትልቅ ማኅበረሰብ ያለው፣ በሥነ ምግባር ደንቡም የሚታወቅ ነው። በኅዳር 2021 እ.ኤ.አ. ደንቡን የሚያስከብረው ቡድን በሙሉ ሥራውን ለቀቀ፤ ዋናው አመራር ለማንም ተጠያቂ አልሆነም ብለው ነው። ደንቡ ጽሑፉ አልጎደለውም፣ አመራሩን የሚጠይቅ ነበር የጠፋው። ሊኑክስ በተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ላይ ደግሞ በተቃራኒው ነገሩ ከላይ መጣ፦ በ2018 እ.ኤ.አ. ፈጣሪው ሊነስ ቶርቫልድስ ራሱ ስለ ኃይለኛ ኢሜይሎቹ ይቅርታ ጠይቆ ለጥቂት ጊዜ ሥራውን ተወ፣ ኬርነሉም (የሊኑክስ እምብርት የሆነው ኮድ) በዚያው ሰሞን ከዚሁ ኮቨናንት 1.4 የተወሰደ ደንብ ተቀበለ። አለቃው ሲጀምር ሌላው "ለእኔ ብቻ ነው እንዴ?" አይልም።

ሌላ አማራጭ የለም ወይ ካላችሁ አለ። ኡቡንቱ የተባለው፣ በሊኑክስ ላይ የተሠራው ሥርዓት ደንብ ከዚህ ይቀድማል፣ ለስላሳም ነው፣ አባል የሚሆን ሰው ይፈርምበታል። ስልካችሁ ውስጥ ያለውን ዳታቤዝ የሚሠሩት የኤስኪውላይት ሰዎች ደግሞ በ2018 እ.ኤ.አ. የቅዱስ ቤኔዲክቶስን የገዳም ሥርዓት ደንባችን ነው ብለው ለጥፈው ጉድ ተባለ፤ ለጣና ገዳማት ሰው ይህ ብዙም አይገርምም፣ ለፕሮግራመር ግን ከበደ መሰለኝ፣ በኋላ ያንን ስሙን ቀይረው የራሳቸው የሥነ ምግባር መርሕ አደረጉት፣ ለማኅበረሰቡ ደንብ ደግሞ ሌላ ለብቻው አወጡ።

ከ5 ኮከብ 4 እሰጠዋለሁ። አንዱን የቀነስኩት ስለ ዝምታ ምንም ስለማይል ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ስንቀመጥ፣ የላክነው ኮድ በየፕሮጀክቱ "ባለቤቱ ጠፍቷል" እየተባለ በሮቦት ተዘጋ። ማንም አልሰደበንም፣ ማንም ደንብ አልጣሰም። ግን ስትመለሱ በር ተዘግቶ ማግኘት ያስከፋል። ኮቨናንቱን ምንጩን እስከጠቀሳችሁ ድረስ መቀየር ስለሚፈቀድ እኛ ከታች አንድ መስመር ጨመርንበት፦ ከዚህ አካባቢ የመጣ ኮድ ባለቤቱ ዝም ስላለ ብቻ አይዘጋም፣ መጀመሪያ ስልክ ይደወላል።