ለሜፕል ውሃ አሮጌ የቆርቆሮ ባልዲ እንዳትገዙ

ሰላም ሚኒሶታ ያላችሁ ወገኖች፣

ከፌብሩዋሪ መጨረሻ ጀምሮ ሌሊቱ በረዶ፣ ቀኑ ሞቅ ሲል የሜፕል ውሃ (ከሜፕል ዛፍ ግንድ የሚወጣው፣ ሲፈላ ሽሮፕ የሚሆነው ፈሳሽ) መውረድ ይጀምራል። ዘንድሮ በጓሯችሁ ዛፍ ሽሮፕ ልታፈሉ ያሰባችሁ ስላላችሁ ሳይረፍድ ልንገራችሁ። «ለጀማሪ ሙሉ ዕቃ» እየተባለ ባልዲ፣ ክዳንና ቧንቧ አንድ ላይ በ180 ዶላር ኢንተርኔት ላይ እየተሸጠ ነው። ጎረቤቴ ሊገዛ ሲል አብሬው ሄጄ ዕቃውን በዓይኔ አይቻለሁ። አትግዙት።

ሻጩ ስቴንለስ ነው ይላል፤ አይደለም። ባልዲውን አዙራችሁ ጎኑ ላይ ከላይ እስከ ታች የወረደውን መጋጠሚያ፣ ቀጥሎም የወለሉን ዙሪያ ተመልከቱ። ወፈር ያለ፣ የደበዘዘ ግራጫ መስመር አለ። በቁልፍ ጫፍ ጫር ሳደርገው በቀላሉ ተላጠና ከሥሩ አብረቀረቀ። አሮጌ ባልዲ ላይ እንዲህ ያለ ብየዳ ካያችሁ እርሳስ (ሌድ የሚባለው መርዛማ ብረት) አለበት ብላችሁ ቁጠሩት። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ አጋማሽ በፊት የተሠሩ ብዙ የሜፕል ባልዲዎች የተበየዱት በእርሳስ ነው። የባሰባቸው ደግሞ ገላቸው በሙሉ እርሳስ ባለበት ቅይጥ የተለበጠ ነው።

ሻጩን ይህንን ስንጠይቀው «ታፈሉት የለ እንዴ! እሳት ሁሉን ይገድላል» አለን። በጣም ያናደደኝ ይኼ ነው። እሳት የሚገድለው ጀርም ነው። እርሳስ ብረት ነው፤ አይሞትም፣ በእንፋሎትም አይወጣም። የሹገር ሜፕል ውሃ ስኳሩ 2 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሆነ 1 ጋሎን ሽሮፕ ለማግኘት 40 ጋሎን ያህል ይፈላል። ውሃው ተንኖ ሲያልቅ በ40ው ጋሎን ውስጥ የነበረው እርሳስ በአንዷ ጋሎን ይጠራቀማል። ሲዲሲ (የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል) ለልጆች ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን አልተገኘም ይላል፤ ሽሮፑን ፓንኬክ ላይ አፍስሰን የምንሰጠው ደግሞ ለእነሱ ነው።

ሻጩ ዛፉ ላይ ቧንቧ ከሚገባበት ከአንድ ቀዳዳ 1 ጋሎን ሽሮፕ ይገኛል ማለቱም ውሸት ነው። አንድ ቀዳዳ ወቅቱን ሙሉ የሚሰጠው 10 ጋሎን ገደማ ውሃ ነው፤ ያ ሲፈላ ሩብ ጋሎን ሽሮፕ ቢወጣው ነው።

ለመጀመር ያን ያህል ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም። ለምግብ ተብሎ የተሠራ አዲስ የፕላስቲክ ባልዲና አዲስ ቧንቧ ይበቃል። ቀለም የነበረበት ባልዲ ግን ምንም ያህል ቢታጠብ አይሆንም።

ባልዲዎቹን ቀድማችሁ የገዛችሁ ካላችሁ አበባ ትከሉባቸው እንጂ ውሃ አትቅዱባቸው። ለሌላ ሰውም አሳልፋችሁ አትሽጡ። ባለፈው ዓመት በእንዲህ ያለ ባልዲ የተሠራ ሽሮፕ ቤታችሁ ካለ ድፉት፤ ልጆቻችሁ ቀምሰውት ከሆነ ለሐኪማቸው ንገሩና የእርሳስ የደም ምርመራ እንዲታዘዝላቸው ጠይቁ።