ባለ አምፖሉ ግሎብ ለጂኦግራፊ ተማሪ ይገዛል ወይ?

ልጄ ሁለተኛ ደረጃ ከገባች ጀምሮ ከጂኦግራፊ ጋር ተኳርፋለች። ኩርፊያው ከትምህርቱ ጋር እንኳን አይደለም፣ ከሽምደዳው ጋር ነው። "ኬክሮስ ምንድን ነው?" ብላችሁ ብትጠይቋት ትርጉሙን እንደ ዳዊት ትደግምላችኋለች። "እሺ የታለ?" ስትሏት ግን ጣሪያ ጣሪያ ታያለች። እኔም በጊዜዬ ያው ስለነበርኩ ለመቆጣት ሞራሉ አልነበረኝም። ገዝቼላት የመጣሁት ግሎብ ነው። ዓመት ሊሞላው ስለሆነ አሁን ስለ እሱ በድፍረት መናገር እችላለሁ። የሠራውን ድርጅት ስም አልጠራም፣ አብዛኞቹ ባለ አምፖል ግሎቦች አሠራራቸው አንድ ዓይነት ስለሆነ የኔ ታሪክ ለሌላውም ይሠራል።

ዕቃው ይሄ ነው፦ መሃሉ ለመሃሉ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ የፕላስቲክ ኳስ፣ 23.5 ዲግሪ ያዘመመ ዛቢያ (ኳሱ የሚሽከረከርበት ዘንግ)፣ ዲግሪ የተጻፈበት የብረት ቅስት፣ ሰሜን ዋልታው ላይ ትንሽ የሰዓት መደወያ፣ ውስጡ አምፖል። አምፖሉ ሲጠፋ የአገራት ድንበር ይታያል፣ ሲበራ ተራራና በረሃው። ተራሮቹ ደግሞ ከፍ ከፍ ብለው ተሠርተዋል፣ በጣት ይዳሰሳሉ። ሳጥኑ ላይ በትልቁ የተጻፉት እነዚህ ሁለቱ ናቸው፣ አምፖሉና የሚዳሰሱት ተራሮች። እኔም የገዛሁት በነሱ ተታልዬ ነው። በኋላ ላይ ግን ከዕቃው ሁሉ ዋጋ ቢስ ሆነው ያገኘኋቸው ሁለቱን ነው፣ እሱን እደርስበታለሁ።

መጀመሪያ ጥሩውን ልናገር። 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ግሎብ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ማለት 425 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህቺን ቁጥር ያዟት፣ ብዙ ታሠራለች። ልጄ ካርታ ላይ ከቶኪዮ ኒውዮርክ ስትሄድ ፓሲፊክን አቋርጣ፣ አሜሪካን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰንጥቃ ነው። ክር ሰጠኋትና ግሎቡ ላይ አንዱን ጫፍ ቶኪዮ፣ ሌላውን ኒውዮርክ ይዛ ወጥራ እንድትስበው ነገርኳት። ክሩ ሽቅብ ሸሸና አላስካ ላይ ወጣ። "አባዬ፣ ክሩ እየተንሸራተተ ነው" ብላ ሦስት ጊዜ መለሰችው፣ ሦስቴም አላስካ። አልተንሸራተተም፣ አጭሩ መንገድ እሱ ነው። ክሩን በማስመሪያ ስትለካው 25 ሴንቲ ሜትር ተኩል መጣ፣ በ425 ሲባዛ ከ10,800 ኪሎ ሜትር በላይ። ትክክለኛው ርቀትም እዚያው አካባቢ ነው። ስኬል የሚባለው ነገር ያኔ ገባት። በክፍል ውስጥ ሁለት ሳምንት ተምረውት ነበር።

ከዚያ ቀጥሎ ግሪንላንድ መጣች። ግድግዳችን ላይ ያለው ካርታ የመርካቶር ነው፣ እሱ ላይ ግሪንላንድ አፍሪካን ልታክል ምንም አልቀራት። ግሎቡ ላይ ጎን ለጎን ስታዩዋቸው ግን ያስቃል፣ አፍሪካ ወደ 14 እጥፍ ትበልጣለች። ልጄ ተናደደች፣ "ታዲያ ለምን ይዋሹናል?" አለች። እዚህ ላይ መርካቶርን መከላከል ነበረብኝ፣ ሰውየው በ1569 ካርታውን የሠራው ለመርከበኛ ነው። መርከበኛ ኮምፓሱን አንድ አቅጣጫ ላይ አድርጎ ሲጓዝ መንገዱ ካርታው ላይ ቀጥ ያለ መስመር እንዲሆንለት ይፈልጋል። መርካቶር ያንን ሰጠው፣ ዋጋው ደግሞ ወደ ዋልታዎቹ የተጠጋው አገር ሁሉ እየተለጠጠ መሄዱ ነው። ጥፋቱ የባሕር መሣሪያውን አምጥቶ የክፍል ግድግዳ ላይ የሰቀለው ሰው ነው።

አሁን ወደ ወቅቶች ልግባ፣ ምክንያቱም ግሎቡ ብሩን ያወጣው እዚህ ላይ ነው። ልጄ፣ እንደ ብዙ ሰው፣ የሚሞቀው ምድር ለፀሐይ ስትቀርብ ነው ብላ ነበር የምታስበው። (በጋና ክረምት ማለቱን ሆን ብዬ ተውኩት፣ በአማርኛ ሁለቱ ቃላት የሚያስታውሱን ዝናብን እንጂ ሙቀትን ስላልሆነ መጽሐፉ ላይ ካለው ጋር ይደበላለቃሉ።) እውነቱ ግን ምድር ለፀሐይ በጣም የምትቀርበው በጃንዋሪ መጀመሪያ ነው፣ 147 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ። ሰሜኑ ግማሽ ዓለም የሚንቀጠቀጥበት ወር ማለት ነው። በጣም የምትርቀው ደግሞ በጁላይ መጀመሪያ ሲሆን ወደ 152 ሚሊዮን ነው። ስለዚህ ርቀቱ አይደለም፣ ማዘመሙ ነው። ይሄን በአፍ ብትነግሩት ማንም እሺ ይላል፣ በማግስቱ ይረሳዋል።

መብራት አጥፍተን ክዳን የሌለው የጠረጴዛ መብራት መሃል ወለል ላይ አስቀመጥን፣ ግሎቡን ይዘን ዙሪያውን ዞርን። መጀመሪያ አበላሸነው። ስንዞር መቆሚያውንም አብረን እያዞርነው ስለነበር ሰሜን ዋልታ የትም ብንሄድ ወደ መብራቱ እንዳዘመመ ቀረ። በእኛ ዓለም ሰሜኑ ዓመቱን ሙሉ ሙቀት፣ ደቡቡ ዓመቱን ሙሉ ብርድ ሆነ። ነገሩ አልገጥም ሲለን ቁጭ ብለን አሰብን፣ ስህተቱን ያገኘችው እሷ ናት፦ ዛቢያው ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ማመልከት አለበት። የክፍሉን በር መረጥንና የትም ብንቆም የሰሜን ዋልታው አናት ወደ በሩ እንዲያመለክት አደረግን። ለእውነተኛዋ ምድር በሩ የሰሜን ኮከብ ነው። ያኔ ሁሉም ቦታ ቦታውን ያዘ። በአንዱ ጎን ስንቆም ሰሜኑ ብርሃን ጠገበ፣ በተቃራኒው ስንቆም ደቡቡ። ሰሜኑ ብርሃን በጠገበበት ጎን ቆመን 66.5 ዲግሪ ሰሜን ላይ ከሚዞረው መስመር በላይ ትንሽ ፕላስተር ለጠፍንና ኳሱን በዛቢያው ላይ አሽከረከርነው፣ ፕላስተሩ ሙሉ ዙር ሲዞር አንዴም ጨለማ ውስጥ አልገባም። ፀሐይ የማትጠልቅበት ቀን ማለት ይሄው ነው። ከዚያ ምሽት በኋላ ልጄ ስለ ወቅቶች ስትጠየቅ እጇ ነው የሚናገረው፣ አየር ላይ ታዘምመዋለች።

የሰዓት መደወያዋ ለስሌት ጥሩ ናት፣ 15 ዲግሪ ስታዞሩ አንድ ሰዓት ትሄዳለች። ለእውነተኛ ሰዓት ግን አትመኗት፣ ሰዓት የፖለቲካም ጉዳይ ነው። ቻይና ያንን ሁሉ ስፋት ይዛ በአንድ ሰዓት ትኖራለች፣ ኔፓል ከዓለም አቀፉ ሰዓት በ5 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ትቀድማለች። መደወያዋ ይሄን ከየት ታውቀዋለች። የቀን መለወጫው መስመር (ስትሻገሩት ቀኑ የሚለወጥበት) ፓሲፊክ ላይ ያለችው የደሴቶች አገር ኪሪባስ ጋ ሲደርስ ለምን ወደ ምሥራቅ እንደሚያብጥ ግን ጥሩ ጨዋታ ከፍቶልናል፤ ሳሞአም መስመሩን ስትሻገር 30 ዲሴምበር 2011ን ጨርሶ ሳትኖረው ዘላዋለች።

እንግዲህ ወደ ቅሬታዬ። ከሚዳሰሱት ተራሮች ልጀምር። ኤቨረስት 8,849 ሜትር ነው፣ በዚህ ግሎብ ስኬል ሲሰላ ከፍታው 0.2 ሚሊ ሜትር፣ የሁለት ወረቀት ውፍረት እንደማለት። እኛ ግሎብ ላይ ግን ሂማላያ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ተነስቷል፣ ይህ ከተባዛ 85 ኪሎ ሜትር የሚሆን ተራራ ነው! ማጋነኑ እንዲታይ ነው ቢባል ይገባኛል፣ ግን የትም ቦታ "ተጋንኗል" የሚል ጽሑፍ የለም። ስኬልን ገና የሚማር ልጅ ፊት እንዲህ ያለ ነገር ማስቀመጥ አይገባም። ከዚህም በላይ ክር ስትወጥሩበት ጉብታዎቹ ላይ ይይዛል።

አምፖሉስ? ሲበራ የቦታ ስሞቹ ይነጡና አይነበቡም። ገመዱ ኳሱ ስር ስለሚያልፍ ከሶኬት ርቃችሁ መዞር አትችሉም፣ ከላይ የነገርኳችሁን ሙከራ የሠራነው ገመዱን መቆሚያው ላይ ጠቅልለን ነው። እንደ ራስጌ መብራት ካልቆጠራችሁት በስተቀር ጥቅሙ አይታየኝም።

ስሞቹም ያረጁ ናቸው። በ2011 ነፃ የወጣችው ደቡብ ሱዳን አለች፣ ግን ኢስዋቲኒ ገና ስዋዚላንድ ናት፣ ሰሜን መቄዶንያም "ሰሜን" አልተጨመረላትም። የካዛኪስታን ዋና ከተማ አስታና ይላል። በ2019 ኑርሱልጣን ተብላ በ2022 ወደ አስታና ስለተመለሰች ግሎቡ ዝም ብሎ ተቀምጦ ትክክል ሆነ፣ በዚህስ ስቀናል። ያላሳቀኝ የአራል ባሕር ነው፣ እንደ 1960 ሙሉ ሰማያዊ ተቀብቷል። ወንዞቹ ለጥጥ እርሻ ተጠልፈው አብዛኛው ክፍሉ ደርቋል፣ መጽሐፋቸው ላይ ራሱ ሰው ሠራሽ ጥፋት ተብሎ በምሳሌነት የሚጠቀስ ቦታ ነው።

ግሎብ የማይሠራውን ነገርም ሳልናገር አልለፍ። ኮንቱር (ካርታ ላይ እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኘውን መስመር) ማንበብ አያስተምርም። ለሱ 1 ለ50,000 የሆነ የመልክዓ ምድር ካርታ ያስፈልጋል፣ 1 ሴንቲ ሜትሩ ግማሽ ኪሎ ሜትር የሚሆንበት። የሕዝብ ፒራሚድ፣ የአየር ንብረት ግራፍ፣ የከተማ እድገት፣ እነዚህን ግሎብ አያውቃቸውም፣ ፈተናው ላይ ደግሞ በብዛት ይመጣሉ። ወንዝ ሸለቆውን እንዴት እንደቆፈረ ለማየት ጎግል ኧርዝ ላይ ምስሉን አጋድሎ ማየት በብዙ ይበልጣል፣ ነፃም ነው። የልጄ ውጤት በግሎብ ብቻ ተለወጠ ብላችሁ እንዳታስቡ። የተለወጠው መጽሐፉን ስትከፍት የምታሳየው ፊት ነው።

ስለዚህ ግሎብ ግዙ፣ ግን ይሄኛውን አይደለም። አምፖል የሌለው፣ ልሙጥ፣ ኳሱ ከመቆሚያው የሚወጣ ቢሆን ይመረጣል። ከ30 ሴንቲ ሜትር ባያንስ ጥሩ ነው፣ በ20ው ላይ ትንንሾቹ አገሮች በቁጥር እየተተኩ ይቀራሉ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ግሎቦች ብዙ ጊዜ የሚሠሩት ሁለት ግማሽ ኳስ የምድር ወገብ ላይ ተጣብቆ ነው። የእኛው ሲጣበቅ 2 ሚሊ ሜትር ተንሸራቷል፣ በምድር ወገብ ላይ ያለው ዓለም በሙሉ 85 ኪሎ ሜትር ተዛንፎ ማለት ነው። ያየሁት ቤት ከደረስኩ በኋላ ነው። እናንተ ከመክፈላችሁ በፊት ቪክቶሪያ ሐይቅን ፈልጉ፣ መስመሩ የሚያልፈው በሱ ላይ ነው። ሐይቁ ወገቡ ላይ ከተሰበረ መልሱላቸው።