የሚያብረቀርቅ አሮጌ ኮልት ካያችሁ ቶሎ አትክፈሉ

አሜሪካ ሆናችሁ የድሮ ሽጉጥ የምትሰበስቡ ወገኖች፣ ብራችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ። እኔ ተሸውጃለሁ።

ቴክሳስ ውስጥ በአንድ የጦር መሣሪያ ገበያ ላይ ነው። ስድስት ጎራሽ ኮልት አየሁ፤ እ.ኤ.አ. በ1873 መሠራት የጀመረው፣ የካውቦይ ፊልም ያየ ሁሉ የሚያውቀው ዓይነት። የተቀረጸበት መለያ ቁጥር የ1880ዎቹ ነው። የኒኬል ቅቡ እንደ መስታወት ፊት ያሳያል። ሻጩ "ከፋብሪካ እንደወጣ ነው፣ ማንም አልነካውም" ሲለኝ ልቤ ቀለጠ። 4,500 ዶላር ቆጥሬ ሰጠሁት።

ደረሰኝ ስጠይቀው ሳቀብኝ። "አንቲክ እኮ ነው፣ ወረቀት አያስፈልገውም!" ግማሹ እውነት ነው። በፌዴራሉ ሕግ እስከ 1898 የተሠራ ሽጉጥ አንቲክ ስለሚባል፣ እንደ አዲስ መሣሪያ ፎርም አይሞላበትም። (የምትኖሩበትን ግዛት ሕግ ለብቻው እዩ።) መንግሥት ወረቀት አልጠየቀም ማለት ግን ለገዢ ደረሰኝ አያሻውም ማለት አይደለም። "ቅቡ የፋብሪካው ነው" የሚል ቃል አስጽፋችሁ፣ አስፈርማችሁ ውሰዱ። እምቢ ካለ ጥላችሁት ሂዱ።

ቤት ገብቼ፣ ከፍዬ፣ ከራሱ ከኮልት ኩባንያ መዝገብ ቤት ስለ ሽጉጡ ደብዳቤ አስመጣሁ። ሽጉጡ ከፋብሪካ ሲወጣ ሰማያዊ ቅብ ነበር ይላል። አፈሙዙ 7½ ኢንች። የእኔው ኒኬል ነው፣ አፈሙዙም 4¾። እንግዲህ "ማንም አልነካውም" የተባለው ይህ ነው!

ከዚያ በኋላ አጉሊ መነጽር ይዤ ተቀመጥኩ። ለካ ሁሉም ነገር ፊቴ ነበር። የብሎኖቹ ቀዳዳ ዙሪያ ጎድጎድ ብሏል፤ በማሽን ክፉኛ ሲወለወል እንደዚያ ይሆናል። ስል መሆን የነበረባቸው ጠርዞች እንዳለቀ ሳሙና ዶልዱመዋል። ፊደሎቹ ደብዝዘዋል። ከሁሉ የቆጨኝ ግን ከኒኬሉ ሥር ያሉት የዝገት ጉድጓዶች ናቸው። ዝገቱ ከቅቡ ሥር ከሆነ፣ ቅቡ የመጣው ከዝገቱ በኋላ ነው።

የአያቴ ውጅግራ ስንት ዘመን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ኖረ። በየጊዜው ይወለወላል፣ ግን አንድ ቀን አብረቅርቆ አያውቅም። የብረቱን የዕድሜ ወዝ እያየሁ ያደግኩ ሰው በኒኬል መታለሌ ያናድደኛል።

ቁጥሮቹንም አስተያዩ። ከቃታው መከለያ ፊት ለፊት ገላው ላይ፣ ራሱ መከለያው ላይ፣ ከእጀታው ግርጌ ብረቱ ላይ አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው። ባለ አንድ ወጥ የእንጨት እጀታ ከሆነ፣ ሲፈታ በውስጡ ቁጥሩ በእጅ ተጽፎ ልታገኙት ትችላላችሁ። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ የአሜሪካ ሠራዊት አፈሙዛቸውን ወደ 5½ ኢንች ያሳጠራቸው፣ ሰብሳቢዎች "አርቲለሪ" የሚሏቸው፣ ተፈታተው እንደገና ሲገጣጠሙ ቁጥራቸው ተደበላልቋል። እነሱ ላይ የቁጥር መለያየት ጉድለት አይደለም።

ደብዳቤውም ቢሆን የሚነግራችሁ ሽጉጡ እንዴት እንደወጣ ብቻ ነው። ዛሬ ምን እንደሆነ የሚነግራችሁ ዓይናችሁ ነው። ስለዚህ ቁጥሩን ፎቶ አንሱ፣ ደብዳቤው እስኪመጣ ቀብድ ብቻ አስይዙ።

የእኔን አንድ አዋቂ ሰው አይቶ "ከ1,500 አያልፍም" ብሎኛል። ባለፈው ወር ሌላ ገበያ ላይ ያንኑ ሻጭ አየሁት። ጠረጴዛው ላይ አዲስ የተነከረ ኒኬል እያብረቀረቀ፣ አንድ ወጣት ቦርሳውን ሲያወጣ ደረስኩ። "ወንድሜ፣ መጀመሪያ የብሎኖቹን ቀዳዳ እይ" አልኩት።