የቤዝ ጊታሬን ፒክአፕ ስላስለወጥኩባቸው ሁለት አገልግሎቶች

ለሦስት ሳምንት ዕረፍት ወደ ሀገር ቤት ስመለስ ቤዝ ጊታሬን ይዤ የመጣሁት ከቀድሞ ጓደኞቼ ጋር ለመጫወትና ለዓመታት ያስቸገረኝን ፒክአፕ ለማስለወጥ ነበር። «ፒክአፕ ላስለውጥ ነው» ስል መኪና የምገዛ የመሰላቸው ዘመዶች ስላልጠፉ፣ የምናገረው ከክሮቹ ሥር ተቀምጦ የብረት ክርን ንዝረት በማግኔትና በሽቦ ጥቅል አማካይነት ወደ ኤሌክትሪክ ስለሚለውጠው ዕቃ መሆኑን አስቀድሜ ልግለጽ። የተጠቀምኩት አገልግሎት ሁለት ነው፤ አንደኛው ዕቃውን ከሸጠልኝ ሰው ያገኘሁት ሲሆን ሁለተኛው ደግሞ የጥገና ባለሙያው ነው። ስለ ሻጩ ያለኝ ቅሬታ ነው፤ ስለ ባለሙያው ግን ከአንድ እንከን በስተቀር ምስጋና ብቻ ነው።

ጊታሬ የአሜሪካው ጊታር ሠሪ ኩባንያ ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1960 ያወጣውን የጃዝ ቤዝ አሠራር የተከተለ፣ አንዱ ወደ አንገቱ ሌላው ወደ ብሪጁ (ክሮቹ በታች በኩል ወደሚያርፉበት ብረት) የተጠጉ ሁለት ባለ ነጠላ ጥቅል ፒክአፖች ያሉት ነው። በእንዲህ ዓይነቱ ቤዝ ላይ የሁለቱ ፒክአፖች የማግኔት አቅጣጫም ሆነ የሽቦ አጠማዘዝ አንዱ ከሌላው ተቃራኒ እንዲሆን ተደርጎ ስለሚሠራ፣ ሁለቱም ቮልዩሞች እኩል ሲከፈቱ ከመብራት መስመር የሚገባው ጉርምርምታ እርስ በርሱ ይሻራል፤ የክሮቹ ድምፅ ግን ይደመራል። እኔ ደግሞ ልማዴ የብሪጁን ብቻ ከፍቶ መጫወት ስለሆነ፣ በጸጥታው ክፍል ሁሉ ከአምፕሊፋየሩ የሚወጣው ጉርምርምታ ዘፈኑን ይሻማኝ ነበር። በዚያ ላይ የብሪጁ ድምፅ ደከም ያለ ስለመሰለኝ፣ እሱን ብቻ ለይቶ መለወጥ መፍትሔ እንደሚሆን አምኜ ወደ ሻጩ ሄድኩ።

ሻጩ ስለ አጨዋወቴም ሆነ በቤዙ ላይ ስለሚቀረው ስለ አንገቱ ፒክአፕ አንድም ጥያቄ አልጠየቀኝም። ያቀረበልኝ ማስረጃ አንድ ቁጥር ብቻ ነበር፤ ይህኛው የሽቦው የኤሌክትሪክ ተቃውሞ በመለኪያ ሲለካ ከ10 ኪሎ ኦም በላይ ስለሆነ ከተለመደው ከ7 እስከ 8 ኪሎ ኦም ካለው የጃዝ ፒክአፕ ይበልጥ ኃይለኛ ነው አለኝ። ይህ አባባል የተወሰነ እውነት ቢኖረውም የሚሠራው ሽቦውና አሠራሩ አንድ ዓይነት በሆኑ ፒክአፖች መካከል ብቻ ነው። ሽቦው ቀጠን ካለ ዙሩ ሳይጨምር ኦሙ ከፍ ይላል፤ ዙሩ ከጨመረ ደግሞ ጉልበቱ ይበረታ እንጂ የቀጫጭን ድምፆቹ ጥራት እየደበዘዘ ይመጣል። ማግኔቱ አልኒኮ (የአሉሚኒየም፣ የኒኬልና የኮባልት ቅይጥ) ይሁን ሴራሚክ፣ ማለትም ድምፁ ለስለስ ያለ ይሁን ጠንከር ያለ፣ ከዚያ ቁጥር ሊነበብ አይችልም። ይህን ሁሉ በጊዜው ባላውቅም፣ ገንዘቤን ከመክፈሌ በፊት አለመጠየቄ የራሴ ጥፋት መሆኑን አልክድም።

የጥገና ባለሙያው ዕቃውን ከእጄ ተቀብሎ ከጎን አስቀመጠውና «መጀመሪያ ይጫወቱልኝ፤ ልስማው» አለኝ። የዚህ ጽሑፍ ዋና ምክንያት ከዚህ በኋላ ያለፈው አንድ ሰዓት ነው፤ በዚያ ሰዓት ውስጥ ብየዳ የሚባል ነገር አልተነካም። ፒክአፖቹን አንድ በአንድ፣ ከዚያም አብረው አስጫወተኝና አዲሱን ከአሮጌው የአንገት ፒክአፕ ጋር ፊት ለፊት አቀራረባቸው። ተገፋፉ። ተቃራኒ ማግኔት ያላቸው ጥንዶች በዚህ አኳኋን ሲቀራረቡ መሳሳብ ሲገባቸው መገፋፋታቸው ማግኔታቸው አንድ ዓይነት መሆኑን ያሳያል ብሎ ካስረዳኝ በኋላ፣ ከፊቴ ያሉትን ሁለት ምርጫዎች ነገረኝ። ድምፃቸው እንዲደመር ሆኖ ከተገጠመ ሁለቱ አብረው ሲከፈቱ ጉርምርምታው አይሻርም፤ የአዲሱ ሽቦዎች ቢገለበጡ ደግሞ ጉርምርምታው ይጠፋል፣ ነገር ግን የሁለቱ ድምፅ እርስ በርሱ እየተሻረ የቤዙ ወፍራም ድምፅ ጠፍቶ ቀጭኑ ብቻ ይቀራል። ቀጥሎም ሽፋኑን በሚሊሜትር መለኪያ ለካውና የገዛሁት የአንገት ልክ መሆኑን አሳየኝ፤ የጃዝ ቤዝ የብሪጅ ፒክአፕ ከአንገቱ በ3 ሚሊሜትር ያህል ስለሚረዝም፣ አጭሩ ወደ ብሪጁ ጉድጓድ ቢገባ በዳር ክፍተት ከመተው አልፎ የማግኔት ዘንጎቹ ከክሮቹ ጋር በትክክል ላይገጥሙ ይችላሉ።

ድካም የመሰለኝ ነገር ምንጩ ሌላ ነበር። ክሮቹን በመጨረሻው ፍሬት (በአንገቱ ላይ ካሉት የብረት መስመሮች በመጨረሻው) ላይ አስጫነኝና ከፒክአፑ እስከ ክሩ ያለውን ርቀት ሲለካ የብሪጁ በጣም ዝቅ ብሎ፣ የአንገቱ ደግሞ ከልክ በላይ ተጠግቶ ተገኘ። ክሩ በብሪጁ አካባቢ የሚንቀጠቀጠው በጠባቡ ስለሆነ የዚያ ፒክአፕ ድምፅ በተፈጥሮው ያንሳል፤ ስለዚህ ከፍ ተደርጎ መቀመጥ ያለበት እሱ ነበር። የአንገቱ መጠጋትም የራሱን ችግር ያመጣል፤ ማግኔቱ ወፍራሙን ክር እየሳበ ንዝረቱን ያውከዋል። ባለሙያው በካቻቢቴ ብቻ ሁለቱን ካስተካከለ በኋላ ቅሬታዬ ግማሽ ያህል ወደቀ። እውነቱን ለመናገር በዚያች ደቂቃ የገዛሁትን ዕቃ ሳስበው አፈርኩ።

የቀረው ጉርምርምታው ነበርና ለእሱ ሦስት መንገድ ቀረበልኝ። የመጀመሪያው በ9 ቮልት ባትሪ የሚሠራ አክቲቭ ፒክአፕ ነው፤ ጸጥ ያለ ቢሆንም እንደኔ ባለ 250 ኪሎ ኦም ፖት (የድምፅ መቆጣጠሪያ) ሳይሆን በአብዛኛው 25 ኪሎ ኦም ስለሚፈልግ የቤዙን ሙሉ ሽቦ መለወጥን ይጠይቃል፤ ባትሪ መድረክ ላይ ቢያልቅብኝስ የሚለው ሐሳብም አላስደሰተኝም። ሁለተኛው ሁለት ጥቅሎች አንዱ በሌላው ላይ የተነባበሩበት ነው። ሦስተኛው፣ በመጨረሻ የመረጥኩት፣ በጃዝ ሽፋን ውስጥ አንዱ ጥቅል ሁለቱን ወፍራም ክሮች፣ ሌላው ሁለቱን ቀጭን ክሮች ብቻ እንዲሰማ ተደርጎ የተከፈለው ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1957 በፕሪሲዥን ቤዝ ላይ ያስገባው የተከፈለ ፒክአፕ በዚሁ መንገድ ይሠራል። እያንዳንዱ ፒክአፕ ብቻውንም ሲከፈት ጸጥ ስለሚል ለኔ ልማድ ይስማማል፤ ባለሙያው ግን አንዱን ብቻ ሳይሆን ከአንድ ሠሪ የመጡ ጥንዶችን እንድገዛ፣ አልኒኮ 5 ማግኔት ያላቸውን እንድመርጥና በሌላ ዓይነት ክር ላይ እንዳልፈርድባቸው አሳሰበኝ። አዲስ ክርና አዲስ ፒክአፕ በአንድ ቀን ከገቡ የትኛው ምን እንደለወጠ ለይቶ ማወቅ አይቻልም።

ሥራው ሁለት ቀን ወሰደ። ብየዳው ንጹሕ ነበር፤ የፒክአፕ ጉድጓዶቹ በመዳብ ወረቀት ተሸፍነዋል፣ የሚንጫጫው የቶን ፖት ተለውጧል፣ አሮጌዎቹ ፒክአፖችም የየትኛው ቦታ እንደሆኑ ተጽፎባቸው ተመልሰውልኛል። በአሮጌ ክሮቼ፣ በዚያው አምፕሊፋየርና በዚያው ቅንብር ስሞክረው ብሪጁ ብቻውን ሲከፈት ጉርምርምታው የለም፤ ድምፁ ከበፊቱ ትንሽ ሞልቶ፣ የጣት ንክኪው ግን ሳይጠፋ ወጣ። ከአሮጌው የነጠላ ጥቅል ጥራት ጥቂት እንደቀነሰ ጆሮዬ ይነግረኛል። በዝምታው ለወጥኩት፤ አልተቆጨሁም።

እንከኑ የተገለጠው በሦስተኛው ቀን ነው። ሌላ ዓይነት ጩኸት መጣ፤ ከወትሮው በተለየ ክሮቹን ስነካ አይቀንስም፣ የኬብሉን ብረት ስነካ ግን ይቀንሳል። ከዚያ አንድ ሰዓት የተማርኩት ነገር ስለነበር ጥርጣሬዬ ወዲያውኑ ወደ ብሪጁ የግራውንድ ሽቦ፣ ማለትም ክሮቹን ከኬብሉ ብረት ጋር ወደሚያገናኘው ሽቦ፣ ሄደ፤ ብሪጁ ተነቅሎ ሲመለስ ሽቦው ከሥሩ በደንብ ሳይያዝ ቀርቶ ነበር። መልሼ ስወስድለት ሳይከራከር ይቅርታ ጠይቆ፣ ያለ ተጨማሪ ክፍያ በሩብ ሰዓት ውስጥ አስተካከለው። ሻጩ በበኩሉ ያልተገጠመውን ፒክአፕ ብወስድለትም አልመልስም አለኝ፤ አሁንም በሻንጣዬ ውስጥ ነው። ሥራውን ለመጨረሻው ሳምንት አቆይቼው ቢሆን ኖሮ ያችን ያልተያዘች ሽቦም አብሬ ይዤያት ነበር የምመለሰው።