ለአቶቴ ልጆች ምስጋና፣ አረጋዊ ላላችሁ ደግሞ ጥቆማ

ዛሬ የማመሰግናቸው ልጆች «ስማችንን እንዳትጽፊ» ብለው አስምለውኛል። እሺ፣ ስም የለም። ዝም ግን አልልም።

እዚሁ ሐዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ፣ አረጋውያንን ቤት ለቤት እየዞሩ የሚንከባከቡ ወጣቶች ናቸው። እንደ ብዙው የበጎ ፈቃድ ቡድን የጀመሩት ክረምት ላይ የአቅመ ደካሞችን ቤት በማደስ ነው። እነዚህ ግን ቆርቆሮው ከተመታ በኋላም አልጠፉም።

አክስቴ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። ልጆቻቸው ውጭ ሆነው ብር ይልካሉ፣ እግዜር ይስጣቸው። የጎደለው ሰው ነበር። ጉልበታቸው እምቢ ካለ ወዲህ ውሏቸው ከአልጋ በር፣ ከበር አልጋ ሆኖ ቀረ።

ልጆቹ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣሉ። አንዷ ነርስ ናት፤ ግፊታቸውን ትለካለች፣ መድኃኒታቸው የሚያልቅበትን ቀን ደብተር ላይ ትይዛለች። አንዱ ረጅም ልጅ ደግሞ ሳፋ ላይ ለብ ያለ ውሃ ያደርግና እግራቸውን ዘፍዝፎ ጥፍራቸውን ይቆርጣል። የአረጋዊ የእግር ጥፍር እንዴት እንደሚጠነክር ያየ ያውቀዋል። ልጁ አይቸኩልም። መሬት ቁጭ ብሎ፣ እግራቸውን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ስለ ድሮ ተማሪዎቻቸው እያስወራ ይጨርሳል። «ተው ልጄ፣ ነውር ነው» ሲሉት «እማማ፣ ሌላኛውን እግር ያምጡ» ይላል።

በጣም የገረመኝ ግን ሌላ ነው። አንድ ቀን «እማማ፣ እስቲ እርስዎም ያግዙን» አሏቸው። ለሰፈሩ ሕፃናት ፊደል የሚያስቆጥር አጥተው ኖሯል። አሁን ቅዳሜ ከሰዓት ግቢው በ«ሀ ሁ» ይናጋል። አክስቴ ነጠላቸውን ተኩሰው ይጠብቃሉ። ሲቆጡ ውለው ደስ ብሏቸው ያድራሉ።

በቀደም ደግሞ በባጃጅ አሞራ ገደል ወስደው የዓሣ ሾርባ ጋበዟቸው። ሐዋሳ እየኖሩ ሐይቁን ካዩ ዓመታት አልፈው ነበር። «ሚጥሚጣው አንሷል» ብለው ተመለሱ።

በበዓል ሰሞን ዘይትና ዱቄት አስይዘው ፎቶ አንስተው የሚሄዱትን አልወቅስም፣ ዘይቱም ይበላል። ቢኒያም በለጠም አዲስ አበባ ላይ መቄዶንያን አቋቁሞ ጎዳና ላይ ለወደቁት ደረሰ፣ ይባረክ። ቤት እያላቸው ሰው ያጡትን ግን ማን ያያቸዋል? የተባበሩት መንግሥታት በፈረንጆቹ 1990 ኦክቶበር 1ን የአረጋውያን ቀን ብሎ ሰይሟል። እነዚህ ልጆች ደግሞ ቅዳሜን በሙሉ ሰጥተዋቸዋል።

መርዳት ለምትፈልጉ፦ ልብስ አትውሰዱ፣ ሞልቷል። የአዋቂ ዳይፐር፣ ሳሙናና ምርኩዝ ነው የሚቸግራቸው። ብር በእጅ አይቀበሉም። ብቻውን የሚውል ወላጅ ወይም ጎረቤት ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። ታቦር በኩል ያላችሁ ትንሽ ታገሡ፣ ገና አልደረሱም፤ የሚንቀሳቀሱት በትውስት ባጃጅ ነው። ባጃጅ ያላችሁ ቅዳሜ ጠዋት ብታውሷቸው ቶሎ ይደርሳሉ።