ቴክሰን ኤኤን-200፦ የኤኤም ቀለበት አንቴና ከወራት አጠቃቀም በኋላ

ቴክሰን ኤኤን-200 የተባለችውን አንቴና የገዛሁት ባለፈው ዓመት ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ነው። ብርዱን ሙሉ ሳልለያት ከረምኩ፤ አሁን ሙቀቱ ገብቷል። ስለእሷ አፌን ሞልቼ ለመናገር በቂ ጊዜ ይመስለኛል። ማታ ማታ ኤኤም ሬዲዮ ላይ የሩቅ ጣቢያ ማደን ለሚወድ ሰው፣ ወይም ነገሩን ሰምቶ ለመጀመር ላሰበ፣ ያየሁትን ልንገራችሁ።

የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ አፓርትመንት ላይ ነው። ጣሪያ ላይ ሽቦ መዘርጋት አይፈቀድም። ግቢ የለኝም። የዚህ ሙያ አፍቃሪዎች የሚመኙት ቤቨሬጅ የሚባለው ረጅም የሽቦ አንቴና ደግሞ በመቶዎች ሜትር የሚቆጠር መሬት ይፈልጋል። ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው የቀረው ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ቀለበት ነው።

ዕቃዋ ቀላል ናት። 23 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያላት የፕላስቲክ ቀለበት፣ ውስጧ የተጠቀለለ ሽቦ፣ ከሽቦው ጋር የተያያዘ ካፓሲተር (ቀለበቷን ከጣቢያው ጋር የሚያስማማው ክፍል)፣ እሱን የሚያዞር አንድ ቁልፍ። በቃ። ባትሪ የላትም፣ ማጉያ የላትም፣ ሶኬት ላይ አትሰካም። የኤኤምን መስመር ከ520 እስከ 1710 ኪሎኸርትዝ ትሸፍናለች። ለአጭር ሞገድ አትሆንም፤ ለዚያ ብላችሁ እንዳትገዙ።

ብዙ ሰው ኤኤም ሲከፍት ከሬዲዮው አናት ላይ ያለውን ዘንግ አንቴና ይጎትታል። በአብዛኛዎቹ ትንንሽ ሬዲዮኖች ያ ዘንግ ለኤፍኤምና ለአጭር ሞገድ ነው። ኤኤም የሚገባው ሬዲዮው ሆድ ውስጥ በተጋደመ፣ ሽቦ በተጠቀለለበት የፌራይት (ማግኔታዊ ጠባይ ያለው ጥቁር ቁስ) ዘንግ በኩል ነው። ኤኤን-200 የምትረዳው ይህንን የተደበቀ ዘንግ ነው። አጠገቡ ሲያስቀምጧት ያለምንም ሽቦ የያዘችውን ሞገድ ታስተላልፍለታለች።

አቀማመጡ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የሬዲዮው ርዝመት ወደ ቀለበቷ ፊት ማመልከት አለበት፤ በቀለበቷ መሃል ሊያልፍ የተዘጋጀ እስኪመስል ድረስ። ያኔ የሁለቱ አቅጣጫ ይገጥማል። ከዚያ ሬዲዮውን ወደሚፈለገው ጣቢያ ወስዶ ቁልፉን ቀስ አድርጎ ማዞር ነው። መጀመሪያ ፍሽሽታ ብቻ ይሰማል። ከዚያ አንድ ጠባብ ቦታ ላይ ሲደርስ ድምፁ ድንገት ይነሳል። ትንሽ ካለፉት ተመልሶ ይወድቃል። ከ1400 በላይ ያሉት ጣቢያዎች ላይ ቦታው በጣም ስለሚጠብ ቁልፉን በጥፍር ጫፍ መንካት ይሻላል። እጅ ሲጠጋና ሲርቅም ልኩ ይዛነፋል፤ አስተካክሎ እጅን መሰብሰብና እንደገና ማዳመጥ ያስፈልጋል።

የምጠቀመው ሬዲዮ ቴክሰን ፒኤል-310ኢቲ ነው። እንደሱ ዲጂታል ቺፕ ያለው ሬዲዮ ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። ቺፑ የውስጡን አንቴና የሚያስተካክለው ጣቢያ በተቀየረ ቁጥር ነው። ስለዚህ ቀለበቷን ካስጠጋችሁ በኋላ ሬዲዮውን ጎን ወዳለው ቁጥር አንድ እርምጃ ውሰዱና መልሱት። ያኔ አዲሱን ሁኔታ አይቶ ራሱን ያስተካክላል። ስክሪኑ ላይ የድምፁን ጥራት የሚያሳየው ቁጥር ከፍ ሲል በዓይናችሁ ታያላችሁ።

እስካሁን ያልኩት ድምፅ ስለመጨመር ነው። እኔ ግን ከወራት በኋላ ዋናው ጥቅሟ ሌላ ቦታ ነው ባይ ነኝ። ይቺ አንቴና ያልፈለጉትን ጣቢያ ታጠፋለች። ቀለበት አንቴና ጠርዙ ወደ ጣቢያው ሲዞር አሳምሮ ይሰማል፤ ፊቱ ወደ ጣቢያው ሲዞር ደግሞ ይደነቁራል። የሚሰማበት አቅጣጫ ሰፊ ነው። የሚደነቁርበት ግን ስለታም ነው፤ ትንሽ ዲግሪ ብቻ ለውጥ ያመጣል።

ምሳሌ ልስጥ። ባልቲሞር ያለው ደብሊው ቢ ኤ ኤል በ1090 ላይ በ50 ኪሎዋት ያስተላልፋል። ለእኔ ቅርብ ስለሆነ ጎኑ ያለውን 1100ንም ይረብሻል። 1100 ላይ ደግሞ ክሊቭላንድ፣ ኦሃዮ ያለው ደብሊው ቲ ኤ ኤም አለ። ከአሌክሳንድሪያ ሲታይ ባልቲሞር በሰሜን ምሥራቅ፣ ክሊቭላንድ በሰሜን ምዕራብ ነው። ማለትም አንዱ ለአንዱ ቀጥ ያለ ማዕዘን ሊሠራ ትንሽ ነው የቀረው። ለቀለበት አንቴና ከዚህ የተመቸ ነገር የለም። ሬዲዮውንና ቀለበቷን አንድ ላይ የሚሽከረከር ትሪ ላይ አስቀምጬ ቀስ ብዬ አዞራለሁ። የባልቲሞሩ ሰውዬ እየደከመ፣ እየደከመ ይሄድና ከሥሩ የክሊቭላንዱ ይወጣል። ይኼን ባደረግኩ ቁጥር ደስታው አዲስ ነው። የትኛውም ማጉያ ይህንን አይሠራም፤ ማጉያ ሁለቱንም እኩል ነው የሚያስጮኸው።

ማታ ላይ ግን ማጥፋቱ እንደ ቀኑ ንጹሕ አይደለም። በሰማይ ዞሮ የሚመጣ ሞገድ ጠባዩ ይቀያየራል፤ ስለዚህ የሩቁ ጣቢያ ከፊል እንጂ ጨርሶ አይጠፋም። ምድር ለምድር የሚመጣውን የቅርብ ጣቢያ ነው አሳምራ የምታጠፋው።

ለመሆኑ ማታ ለምን ይሻላል? ቀን ላይ የአዮኖስፌር (ከበላያችን ያለው፣ በፀሐይ ጨረር በኤሌክትሪክ የሚሞላው የአየር ክፍል) ዝቅተኛ ንብርብር የኤኤምን ሞገድ ይውጠዋል። ፀሐይ ስትጠልቅ ያ ንብርብር ይሳሳል። ሞገዱ ወደ ላይ ያልፍና ከላይኛው ንብርብር ታጥፎ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቆ ይወርዳል። በብርድ ወራት ሌሊቱ ረጅም ነው፣ መብረቅም ያንሳል። ስለዚህ ወቅቱ ያኔ ነው። አሁን በሙቀቱ መብረቅ በበዛበት ምሽት ፍንጥቅጥቁ ጆሮ ያሰለቻል፤ አንቴናዋም ምንም አታደርግለትም።

በጣም የምወደው ሰዓት ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ያለው ነው። ዋሽንግተን አካባቢ የኖረ ሐበሻ 1120ን ያውቃል። ደብሊው ዩ ኤስ ቲ ይባላል፤ የአማርኛ ፕሮግራሞች ሲተላለፉበት የኖረ ጣቢያ ነው። ጎረቤቴ ታክሲ ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። አንድ ምሽት ትሪው አጠገብ ቁጭ ብለው፣ «ልጄ፣ ይኼ ጣቢያ ሲመሽ የሚጠፋው ለምንድን ነው?» አሉኝ። ፈቃዱ የቀን ብቻ ስለሆነ ነው። በዚያው 1120 ላይ ሴንት ሉዊስ፣ ሚዙሪ ያለው ኬ ኤም ኦ ኤክስ በ50 ኪሎዋት ይሠራል። ሌሊት ሞገዱ አገር ስለሚያቋርጥ መንግሥት መስመሩን ለእሱ ጠብቆለታል። «እስቲ ጋሼ፣ ይጠብቁ» አልኳቸው። የቅርቡ ሲዘጋ ለአፍታ ፍሽሽታ ሆነ። ከዚያ ከ1100 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ያለው የሴንት ሉዊስ ድምፅ እየሄደ እየመጣ ገባ። ጋሼ ሬዲዮውን አንስተው ጆሯቸው ላይ ሊለጥፉ ሲሉ ድምፁ ወደቀ፤ ከቀለበቷ አርቀውት ነበር። መልሰው አስቀመጡትና ዝም ብለው አዳመጡ።

ሌሎችም በየምሽቱ የምጎበኛቸው አሉ። ናሽቪል ያለው ደብሊው ኤስ ኤም በ650 ላይ ቅዳሜ ማታ ግራንድ ኦል ኦፕሪን ያስተላልፋል፤ ያ የሙዚቃ ዝግጅት እ.ኤ.አ. ከ1925 ጀምሮ ያለ ነው። ቶሮንቶ በ740 ላይ የድሮ ዘፈን ታሰማለች። ኒው ኦርሊንስ ያለው ደብሊው ደብሊው ኤል በ870 ላይ ከ1500 ኪሎ ሜትር በላይ አቋርጦ ይደርሰኛል። እ.ኤ.አ. በ2005 ካትሪና አውሎ ነፋስ ከተማዋን ሲመታ ሥርጭቱን ያላቋረጠ ጣቢያ ነው። ስሰማው ይኼን ሳላስብ አላልፍም።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን ራዲዮ ሬሎህ ነው። ሃቫና፣ ኩባ፤ 950 ኪሎኸርትዝ። ዜና አንባቢዎቹ ከሚያነቡት ሥር በየሰከንዱ የሰዓት ድምፅ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። ደቂቃው ሲሞላ በሞርስ ሁለት ጊዜ «አር» የሚለው ፊደል ይደወላል። በዚያ መስመር ላይ የአሜሪካ ጣቢያዎች ተደራርበው ስለሚንጫጩ ቃሉን መለየት ያዳግታል። ቀጭታው ግን በጫጫታው መሃል ይሰነጥቃል። ትሪውን እያዞርኩ ሌሎቹን ሳዳክም መጀመሪያ የምሰማው እሱን ነው።

የሰማችሁትን ጣቢያ ማንነት ለማረጋገጥ ሰዓት እስኪሞላ መታገሥ ነው። የአሜሪካ ጣቢያዎች በሰዓቱ መጀመሪያ አካባቢ መለያ ስማቸውንና ከተማቸውን የመናገር ግዴታ አለባቸው። ድምፁ ልክ በዚያች ቅጽበት ከጠፋ፣ ሌላ ሰዓት መጠበቅ ነው። ሰዓቱንና የሰማችሁትን ጽፋችሁ ለጣቢያው ከላካችሁ፣ አንዳንዶቹ ማረጋገጫ ካርድ ይልካሉ።

የማትወጣውንም ልናገር። የመጀመሪያው የቤት ውስጥ ጩኸት ነው። የኤልኢዲ አምፖል፣ የስልክ ቻርጀር፣ የላፕቶፕ ቻርጀር፣ ቴሌቪዥን፣ ሁሉም ኤኤም ላይ ይጮኻሉ። ባዶ መስመር ላይ ሬዲዮውን ከፍቼ አንድ በአንድ ነቀልኳቸው። ትልቁ አጥፊ አንድ ርካሽ ቻርጀር ሆኖ ተገኘ፤ እሱ ሲነቀል ግማሹ ጩኸት አብሮ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ሬዲዮውን የማሠራው በባትሪ ብቻ ነው። ከጎረቤት በግድግዳ የሚመጣውን ግን መንቀል አይቻልም። አንቴናዋ ፊቷን አዙራ የተወሰነውን ትቀንሳለች፣ ሁሉንም አይደለም። መስኮት አጠገብ ማስቀመጥ ይረዳል። ሸናንዶዋ ተራራ ላይ፣ ስካይላይን መንገድ ዳር መኪና አቁሜ ስሞክራት ግን ሌላ አንቴና የያዝኩ ነው የመሰለኝ። ያው ቀለበት፣ ያው ሬዲዮ። ከጀርባው ያለው ጩኸት ብቻ ነው የጠፋው።

ሁለተኛው መጠኗ ነው። የቀለበት አንቴና አቅም በስፋቱ ይወሰናል። አንድ ሜትር የሚሆን የእንጨት ፍሬም ሠርቶ ሽቦ ጠቅልሎ ካፓሲተር የሚያያይዝ ሰው ከዚህች የበለጠ ድምፅ ያገኛል፤ ወጪውም ብዙ አይደለም። ቦታና የእጅ ሥራ ፍላጎት ካላችሁ ያንን ሥሩ። ሬዲዮኑ ራሱ ረጅም የፌራይት ዘንግ ካለውም የምትጨምርለት ትንሽ ነው። ለውጡ የሚታየው እንደኔ ትንሽ ሬዲዮ ላይ ነው። ከኃይለኛ የቅርብ ጣቢያ ጎን ስትሆኑ ደግሞ ቀለበቷን በጣም አታስጠጉ፤ ሬዲዮኑ ይጨናነቅና ያ ጣቢያ የማይገባበት ሁሉ ይገባል። አንድ ጋት ማራቅ ይበቃል።

እስካሁን የተሰበረ ወይም የላላ ነገር የለም። ባለሁበት ሁኔታ ድጋሚ ልግዛ ብባል እገዛታለሁ።

አዲስ አበባ፣ አውሮፓ፣ እስራኤል ወይም ዓረብ አገር ሆናችሁ ልትሞክሩ ላሰባችሁ፦ እዚህ አሜሪካ የኤኤም ጣቢያዎች በ10 ኪሎኸርትዝ ነው የሚራራቁት፤ እናንተ ጋ በ9 ነው። ሬዲዮኑ ላይ ያንን መቀየሪያ አስቀድማችሁ 9 ላይ አድርጉት። አለዚያ ጣቢያዎቹን ጎን ለጎን ታልፏቸዋላችሁ። አንቴናዋ ላይ የሚቀየር ነገር የለም፤ ቁልፏ የትኛውም ቦታ ላይ ይቆማል።